ሴሊካ ወይስ ሲጋል

ሁለቱ መኪኖች የቀረቡልኝ በአንድ ሰሞን ነው። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ያስገባት፣ አሁን አዳማ ውስጥ ገዢ የምትጠብቅ። ሁለተኛዋ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ ያልተነሳ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዋይዲ ሲጋል። የሚጠየቅባቸው ገንዘብ ብዙም አይራራቅም። እኔ ቤቴ አዳማ፣ ሥራዬ አሰላ ሆስፒታል ነው፤ ሰኞ ወጥቼ አርብ እመለሳለሁ። የሴሊካዋ ባለቤት ለግማሽ ቀን ሞክሯት ብሎ ሲፈቅድልኝ፣ ዕድሜያቸውን በአዳማ ጋራዦች ያሳለፉትን አጎቴን ይዤ ወደ ሶደሬ ወረድኩ። የተነጋገርነው በመዝናኛው መኪና ማቆሚያ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ኮፈኑን ከፍተን ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወደዷት ወይስ አልወደዷትም?

አጎቴ፦ ሞተር ሲሠራ መስማት እንጂ ማውራት አልወድም። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ፣ ይበርድ። የሙቀት መለኪያው ከአዋሽ መልካሳ ወዲህ ወደ ላይ ሲሳብ አይተሻል?

እኔ፦ አይቻለሁ። ቀዩ ላይ ግን አልደረሰም።

አጎቴ፦ ቁልቁል ስለመጣን ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ እዚህ ወደ 1,400 ግድም ነን። ስንመለስ ሽቅብ እንወጣለን፣ ያኔ ይለያል። ሞተሯን ግን ወድጄዋለሁ። 22አር ይባላል፤ 2.4 ሊትር፣ ባለ ካርቡራቶር። ይኼ ሞተር ሃይሉክስም ላይ የተገጠመ ነው፤ ስለዚህ ጓርኒሲዮን፣ ፒስተን፣ የውሃ ፓምፕ ብትፈልጊ ሰው የማያውቀው ዕቃ አይሆንብሽም። የዚህ ዘመኑ ደግሞ የጊዜ ሰንሰለቱ ድርብ ነው። በኋላ የመጡት ነጠላ ሆኑ፤ ሰንሰለቱን የሚመራው ፕላስቲክ ሲበላ ሰንሰለቱ የፊት ሽፋኑን እየፋቀ ውሃና ዘይት ያቀላቅላል። ይቺ ከዚያ ጣጣ የዳነች ናት።

እኔ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ፊትዎ ለምን ጠቆረ?

አጎቴ፦ አልጠቆረም። ጥያቄሽ ስለ ሞተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። ስለ ሰኞ ነው የማስበው።

እኔ፦ ሰኞን ይተዉትና ጋሼ፣ ይህች መኪና በጎረቤታችን በኬንያ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈች ናት። በአቧራና በድንጋይ ላይ። የእኛ መንገድ ከዚያ ይብሳል?

አጎቴ፦ ታሪኩን አውቀዋለሁ። ሹፌሮቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ዋልደጎርድ፣ በ1985 ካንኩነን፣ በ1986 እንደገና ዋልደጎርድ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሴሊካ ነው የወሰደው። ከዚያም በኋለኛው፣ አራቱም ጎማው በሚጎትተው ሞዴል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደጋግሞ አሸንፏል። ግን ልብ በይ፣ ናይሮቢ ላይ የሮጠው ሌላ ሞተር ነው፤ ተርቦ ነበር። ተርቦ ማለት አየሩን በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ነገር ነው። ምስራቅ አፍሪካ ከፍ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሳሳውን አየር አጭቆ ያስገባል። ያንቺዋ ተርቦ የላትም። ስሟ አንድ ነው፣ ሰውነቷም ይመሳሰላል፤ ሳንባቸው ግን አይገናኝም።

እኔ፦ ልዩነቱ ያን ያህል ነው? ወደ አሰላ ስወጣ ምን ያህል ይጎድልብኛል?

አጎቴ፦ እናስላው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይቺ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ በባሕር ወለል ላይ፣ ወደ 96 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እዚህ ሶደሬ ላይ ወደ 83 ትሆናለች። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ስትደርሺ 73 ያህል ቢቀርልሽ ነው። ያውም ሞተሩ ትናንት የተሠራ ቢሆን ነው። የአርባ ዓመት ሞተር ነው፤ ትንሽ ከዚያም ቀንሺ።

እኔ፦ ሲጋልስ?

አጎቴ፦ የወረቀቷን ይዘሽው የለ? አንብቢልኝ።

እኔ፦ 55 ኪሎ ዋት ይላል።

አጎቴ፦ በፈረስ ጉልበት 74 ግድም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ሶደሬም፣ አሰላም፣ አዲስ አበባም ያው 74 ነው። ገባሽ? አንደኛዋ የስፖርት መኪና፣ ሁለተኛዋ ገበያ የምታደርሰው ትንሿ መኪና ተብለው ነው የሚሸጡት፤ አሰላ አደባባይ ላይ ጎን ለጎን ብታቆሚያቸው ጉልበታቸው እኩል ነው። ክብደታቸውም ሩቅ አይደለም፣ ሁለቱም ከአንድ ቶን ትንሽ ያልፋሉ። እንዲያውም ከቆመችበት ስትነሳ የኤሌክትሪኳ ትቀድማለች፤ ጉልበቷን ገና ከመነሻዋ ነው የምትሰጠው።

ይህን ስሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ስለ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚወራው ወሬ ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ወሬ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ በቀዝቃዛ አየር፣ በለሰለሰ አስፋልት የተለካ። የመኪና መጽሔት አንብቦ ያደገ ሰው የፈረስ ጉልበቱን ቁጥር በቃሉ ይይዛል፤ ቁጥሩ የእኛን ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ግን የለም። እኔም ይህን ያህል ጊዜ ሴሊካ ስመኝ ማንም አልነገረኝም ነበር።

እኔ፦ እሺ፣ ቁጥሩ እኩል ይሁን። ታዲያ ዛሬ ከአዳማ እስከዚህ ስነዳት የተሰማኝ ነገር ምንድን ነው? ሲጋሏን ትናንት ነድቻታለሁ፤ ትሄዳለች፣ ጸጥ ትላለች፣ በቃ። ሴሊካዋ ግን እጄን ይዛ የምትሄድ ያህል ነበር።

አጎቴ፦ ያ እውነት ነው፤ አልክድሽም። ተቀምጠሽባት የነበረው መሬት አጠገብ ነው። የሚጎትታት የኋላ ጎማ ነው፣ የፊቱ ሥራ መምራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሪው ንጹሕ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ ይነግርሻል። ማርሹ አምስት ነው፣ ራስሽ ነሽ የምትመርጪው። ፍሪሲዮኑን ስትረግጪ፣ ማርሹን ስትቀይሪ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ አንቺ የሞተሩ አካል ነሽ። የድሮ ሰዎች መኪና ሲሠሩ ይህን ያውቁ ነበር። ከፍታው ጉልበቷን ወሰደው እንጂ ይኼንን አልወሰደባትም። አንድ ሰው ስለዚህ ብሎ ሴሊካ ልግዛ ቢለኝ እጁን እስመዋለሁ። ፈጣን ስለሆነች ነው የምገዛት ካለኝ ግን ተታለሃል እለዋለሁ።

እኔ፦ እኔም የምፈልገው ያንኑ ነው። ፍጥነትማ የፈጣን መንገዱ ገደብ ራሱ 120 ነው፤ ሁለቱም ይደርሱበታል።

አጎቴ፦ እንግዲያው ስለ ሰኞ እናውራ። ከአዳማ አሰላ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን ታውቂዋለሽ። እዚያ ላይ ፍየል አለ፣ ጋሪ አለ፣ አህያ አለ፣ እያንዳንዱ ከተማ መግቢያና መውጫ ላይ ጉብታ አለ። ሴሊካዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ማርሚታዋ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እኔ ከወዲሁ ይሰማኛል። በዚያ ላይ ካርቡራቶሯ የተስተካከለው ለዝቅተኛ አገር ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላ ታጠቁራለች፣ ነዳጅ ትፈጃለች። ማስተካከል ይቻላል፣ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳዋን ማጥበብ ነው። ግን ለአሰላ ካስተካከልሻት አዳማ ላይ ትሞቃለች፣ ለአዳማ ካስተካከልሻት አሰላ ላይ ታጨሳለች። በየሳምንቱ 800 ሜትር የምትወጣና የምትወርድ መኪና ናት የምትፈልጊው።

እኔ፦ ነዳጁስ ስንት ይፈጃል ይላሉ?

አጎቴ፦ ሽቅቡን ጨምረሽ በመቶ ኪሎ ሜትር 11 ወይም 12 ሊትር አስቢ። ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር፣ 17 ሊትር ያህል ነው። ቤንዚን አሁን ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። 2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ወደ ታች ሲወርድ አላየሁም። ሰልፉን ደግሞ አልቆጠርኩም።

እኔ፦ ሲጋሏን እኔ ላስላ። በጠፍጣፋ መንገድ በመቶ ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትወስድ፣ 75 ኪሎ ሜትሩ 10 ይሆናል። ሽቅቡስ?

አጎቴ፦ ሽቅቡን ለብቻ አስይው። መኪናዋና አንቺ 1,300 ኪሎ ብትሆኑ፣ 800 ሜትር ለማንሳት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚያስፈልገው።

እኔ፦ መውጫው 13 ሆነ። ስመለስ ግን ቁልቁል ነው፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየያዘ ከወሰደው የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። መመለሻውን 8 ወይም 9 እንበለው። ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት። ኪሎ ዋት ሰዓቱን 10 ብር ብናደርገው እንኳ 220 ብር ነው። ሴሊካዋ ከ1,700 በላይ።

አጎቴ፦ አየሽ፣ ራስሽ መለስሽው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪዋ ስንት ነው?

እኔ፦ ሁለት ዓይነት አለ። 30 እና 38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት። የቀረበልኝ ባለ 30ው ነው። 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል።

አጎቴ፦ ያ 305 ቻይና ውስጥ በፈተና መንገድ የተለካ ነው። የእኛ ሽቅብ፣ የእኛ ሙቀት፣ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ እየሠራ፣ ያን አይሰጥሽም። ከ30ው 22ቱን በአንድ ደርሶ መልስ ከጨረስሽ፣ አሰላ ላይ ባትሞይ ስትመለሺ እየተጨነቅሽ ነው። ትልቁን ባትሪ ፈልጊ። ልዩነቱን ክፈይ። ባትሪው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው ብለውኛል፤ ያ ዓይነቱ ሙቀት ይችላል፣ እሳትም ቶሎ አይዝም። ቢሆንም አዳማ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቁሚያት።

እኔ፦ ከሆነ እርስዎ ለሲጋሏ ነው የሚፈርዱት።

አጎቴ፦ ገና አልፈረድኩም። የት ነው የምትሞይው?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመኪና ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። እኔ የምኖረው ተከራይቼ ነው፤ ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ሂሳቡን አከራዬ በየወሩ ያካፍሉናል።

እኔ፦ ግቢ ውስጥ። ከመደበኛው ሶኬት።

አጎቴ፦ በ10 አምፒር ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢገባ ነው። ባዶ ባትሪ ለመሙላት ሌሊቱ ሙሉ አይበቃም። በዚያ ግቢ ውስጥ ምጣድ አለ፣ ምድጃ አለ። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት አንቺ መኪና ብትሰኪ ፊውዙ ይወድቃል። ጎረቤትሽ እንጀራዋ ሲበላሽ ማንን ትጠይቃለች? ደግሞ የቆጣሪው ሂሳብ ከፍ ሲል ለአራት ይካፈላል። ልጄ፣ ይህን ሳትጨርሺ መኪናዋን ብትገዢ፣ ጠብ ነው የምትገዢው።

እኔ፦ አሰላ ላይ ግን ሆስፒታሉ ግቢ ማቆም እችላለሁ።

አጎቴ፦ ማቆምና መሙላት አንድ አይደለም። ጠይቂ። ዝም ብለሽ አትሰኪ። አዲስ አበባ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ሳይቀር ፈጣን መሙያ ጣቢያ ከፍቷል፤ በቴሌብር ነው የሚከፈለው። ወደ እኛም እየመጣ ነው። ግን ሰው ጣቢያ ይመጣል ብሎ መኪና አይገዛም፤ የሚገዛው ዛሬ ማታ የሚሰካበትን ቦታ አይቶ ነው።

እኔ፦ እና ቤንዚኑ ይሻላል ማለትዎ ነው?

አጎቴ፦ አይደለም። ቤንዚኑ ከጅቡቲ በቦቴ፣ በዶላር ነው የሚመጣው። መብራቱ ግን የራሳችን ውሃ ነው። ያን ወንዝ አየሽው? አዋሽ ነው። ከላይ ቆቃ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ መብራት ይሰጣል። እዚሁ አጠገባችን አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት አሉ፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። ትንንሾች ናቸው፣ የዛሬውን ግድብ ሲያዩት ምንም አይደሉም። ግን እኔ ልጅ ሆኜ አዳማ መብራት ያየችው በዚህ ውሃ ነው። አገሩ የሚያመርተውን መጠቀም ልክ ነው። እኔ ያልኩሽ፣ ከአገሩ መብራት እስከ አንቺ ሶኬት ያለውን መንገድ ተመልከቺ ነው።

እኔ፦ መንግሥትም ያንን ነው የሚለው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት እንደተከለከለ ተናገሩ። ከዚያ በፊት በ2014 የኤሌክትሪኩ ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ፤ ተገጣጥሞ የመጣው ጉምሩኩ 15 ከመቶ ብቻ ሆነ።

አጎቴ፦ አውቃለሁ። ከዚያም በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ነው ገበያውን የቀየረው። ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪና 5 ከመቶ ብቻ ተጣለበት፤ ያገለገለ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ እስከ 500 ከመቶ ደረሰ። ያኔ ነው ከተማው በሱዙኪ ዲዛየር የተሞላው። ይህች ሴሊካ ዛሬ ሞያሌ ብትደርስ አትገባም። አገር ውስጥ ያሉት ብቻ ቀሩ። ስለዚህ ነው ባለቤቱ ዋጋዋን የሚሰቅለው፤ ሌላ አትመጣም እያለ።

እኔ፦ ያማ ለእኔ ጥቅም ነው። ብገዛት ዋጋዋ አይወርድም።

አጎቴ፦ ይሄን ንግግር ነው የማልወደው። እኛ መኪናን እንደ መሬት ነው የገዛነው፤ ብሩ ዋጋ ሲያጣ ይዘነው እንድንቆይ። ቪትዝ ገዝቶ አምስት ዓመት ነድቶ በትርፍ የሸጠ ሰው ስንቱ ነው! ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተለቀቀ በኋላ፣ ይኼ ሐሳብ ይበልጥ ጸንቷል። ግን በዚህ ሐሳብ ሴሊካ የገዛ ሰው አይነዳትም። እንዳትጫር ሸፍኖ ያቆማታል። ሲጋል የገዛም ይከፋዋል፤ አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር ያለፈው ዓመቱ ይረክሳልና። አንቺ ልትነጃት ከሆነ የምትፈልጊያት፣ የመሸጫዋን ነገር ወደ ኋላ አድርጊው። ገንዘብ ለማስቀመጥ ሌላ ቦታ አለ።

እኔ፦ እሺ። ለጥገናውስ? እዚያ ላይ ሴሊካዋ አታሸንፍም?

አጎቴ፦ (ዝም ብለው ቆዩና) እዚያ ላይ ልቤ ይከፈላል። እኛ ቮልስን፣ ላዳን፣ ዲኤክስን አርባና አምሳ ዓመት ያስኬድን ሰዎች ነን። አንድ ልጅ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቴስታታ ይፈታል፣ ላሜራ ይመታል፣ ፍሪሲዮን ይቀይራል። ዕቃ ከጠፋ ከሌላ መኪና አላምዶ ይገጥማል። ሴሊካዋ መንገድ ላይ ብትቆምብሽ ኢተያ ላይም ዴራ ላይም የሚያስነሳት ሰው አለ። የማይገኘው የሰውነት ዕቃዋ ነው፤ የፊት መስታወቷ፣ የኋላ መብራቷ፣ የበሯ ላስቲክ። ፍየል ብትመታና የፊት መብራቷ ቢሰበር ከውጭ እስኪመጣልሽ ወራት ትቆማለች።

እኔ፦ የሲጋሏስ?

አጎቴ፦ የሲጋሏ ዕቃ ይመጣል፤ ከቻይና በየመርከቡ ነው የሚገባው። ጎማ ነው፣ ፍሬን ሸራ ነው፣ ኩሽኔታ ነው፤ ያ ቀላል ነው። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው። ግን ያ ከወለሉ ሥር ያለው ሣጥን አንድ ቀን ቢቆም አዳማ ላይ ማን ይከፍተዋል? ከፍተኛ ቮልት ነው፤ ሳያውቅ የነካ ይሞታል። እነ እንትናን በመዶሻና በቁልፍ ያስተማርኩ ሰው እዚያ ሣጥን ፊት እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምቆመው። ቀድሞ የሠለጠነ ልጅ ካልተገኘ፣ አንቺ የገዛሽው መኪና ሳይሆን የታሸገ ዕቃ ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው የመጀመሪያ ጥያቄ ዋስትናው ማን ላይ ነው የሚለው ይሁን። በግለሰብ አስመጪ የገባች ከሆነች ፋብሪካው አያውቃትም ይሆናል። አስመጪው ጋራዥ አለው? ባትሪውን በኮምፒውተር የሚያነብ ሰው አለው? በጽሑፍ ይሰጥሻል? የስክሪኑ ቋንቋስ? ማስጠንቀቂያ ሲያበራ በቻይንኛ ከሆነ እንዴት ታውቂዋለሽ?

እኔ፦ ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ሁለቱንም መተው ነው የሚያምረኝ።

አጎቴ፦ አትተዪ። ሌላም አለ። ሴሊካዋ ኤርባግ የላትም። የኋላ ፍሬኗ ታምቡር ነው። ከአሰላ ወደ ኢተያ ስትወርጂ፣ ከፊትሽ ገልባጭ መኪና፣ ከኋላሽ አውቶቡስ፣ ዝናብ ጠብ ጠብ እያለ፣ የአርባ ዓመት ፍሬን ነው የምትረግጪው። በዚያ መንገድ ላይ በየሳምንቱ አንቺን ማሰብ ይከብደኛል።

እኔ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ወንድሜ ቢሆን ሴሊካውን የፈለገው፣ እንዲህ ይሉት ነበር? ወይስ ጎበዝ ብለው ቁልፉን ይሰጡት ነበር?

አጎቴ፦ አልቆጣም። ወንድምሽ ቢሆን ጭራሽ እንዲነካት አልፈቅድም ነበር፤ ይሮጥባታል። አንቺ ዛሬ ስትነጃት አየሁ። ማርሹን ስትቀይሪ አልቸኮልሽም፣ ከጉብታው በፊት ነው ያበረድሽው፣ ሙቀቷ ሲጨምር ዓይንሽ መለኪያው ላይ ነበር። በእጅሽ ትኖራለች። የምከለክልሽ ስለማትችዪ አይደለም። ስለምወዳት ነው። የዚህ ዓይነት መኪና በየሳምንቱ 150 ኪሎ ሜትር አቧራና ሽቅብ ከተነዳች በሁለት ዓመት ውስጥ ታልቃለች፤ ሞተሯ ባይሆን ሰውነቷ። ከዚያ ዕቃ የለም። ይህች መኪና ሌላ መኪና ላለው ሰው ነው የምትሆነው። እሁድ አውጥቶ ሶደሬ የሚያደርሳት፣ ማክሰኞ ቢጎድልባት ሐሙስ እስክትጠገን የሚታገሣት። አንቺ ሰኞ ከጎደለብሽ በሽተኛ መድኃኒት ይጠብቅሻል።

እኔ፦ እኔ ታዲያ ደስታዬን ለጡረታ ላቆየው?

አጎቴ፦ አላልኩም። አሁንም ሴሊካዋን ከመረጥሽ እረዳሻለሁ። ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት በመጀመሪያ ሊብሬዋን እናያለን፤ ከውጭ የተመለሰ ሰው ቀረጥ ነፃ ያስገባት ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ ወደ አንቺ አይዞርም፣ ያ ክፍያ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክረን እንይ። ከዚያ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እኔ ራሴ ላስነሳት፤ ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀውን ሞተር አላምንም። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት እለካለሁ። የበሮቹን ሥርና የኋላ ጎማ ቤቶችን በማግኔት እንነካለን፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔት አይዝም። በዚህ ሁሉ ካለፈች ዋጋዋን እንከራከራለን።

እኔ፦ ለሲጋሏስ እንዲህ ያለ ምርመራ አለ?

አጎቴ፦ አለ፤ እኔ ግን አልችለውም። አዲስ አበባ የሠለጠነ አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ባትሪውን በኮምፒውተር ያነባል። ሥሯን ደግሞ በማንሻ ላይ አውጥተን እናያለን፤ አዲስ ብትባልም መንገድ ላይ ድንጋይ የመታው ባትሪ ሊኖር ይችላል።

እኔ፦ ስለዚህ ከየት ልጀምር?

አጎቴ፦ ከአከራይሽ። ለብቻሽ የሚሆን ቆጣሪ ለማስገባት ይፈቅዱ እንደሆነ ሰኞ ጠይቂያቸው። ወጪውን እችላለሁ በያቸው፤ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከፈቀዱ ባለ 38ቱን እንፈልግ፣ ልጁን ይዤ እመጣለሁ።

እኔ፦ ካልፈቀዱስ?

አጎቴ፦ ካልፈቀዱ ቤት እስክትቀይሪ በሚኒባስ ሂጂ። ሲጋሏንም አትግዢ፣ በንዴት ተነስተሽም ሴሊካዋን አትግዢ። ለባለቤቷ እኔ እነግረዋለሁ፤ ራዲያተሯ መታጠብ አለበት፣ ቴርሞስታቷ መቀየር አለበት፣ ካርቡራቶሯም ለዚህ አገር አልተስተካከለም። አስተካክሎ ይሽጣት። አዳማ ውስጥ ሌላ መኪና ያለው፣ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ የያዘ፣ እንዲህ ያለችውን የሚፈልግ ሰው አላጣም፤ ራሴ አገናኘዋለሁ።

እኔ፦ ያ ሰው አንዳንድ ቀን እንድነዳት ይፈቅድልኛል ብለው ያስባሉ?

አጎቴ፦ ስትነጂ ካየሽ ይፈቅዳል። አሁን ራዲያተሩ በርዷል፣ ውሃ ሙዪላት። ሽቅቡን በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ መለኪያው ከግማሽ ካለፈ ጥላ ስር አቁሚና እናብርድ።